አጽመ ርስት፦ የአባቶችን መቃብር ፍለጋ በጎጃም

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሉማሜን ያገኛል። በጎጃም ደጋ ላይ ከማሳው መካከል ጽድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። በዛፎቹ ሥር ያገሩ ሰው ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያቱ አጠገብ አርፏል። ሆኖም «ቅድመ አያቴ የት ተቀበሩ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እምብዛም አያገኝም። የድሮው መቃብር የአፈርና የድንጋይ ክምር ነው፤ በእብነ በረድና በፎቶግራፍ የተሠራው ሐውልት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ጎጃም የሙታኑን ማረፊያ በድንጋይ ላይ ሳይሆን በሰው አፍ አስቀምጦ ኖሯል።

አጥንትና መሬት

ያባት መሬት በአማርኛ «አጽመ ርስት» ይባላል። አጥንት፣ መሬትና ዘር በአንድ ስም ታስረዋል። በጎጃም ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መውረዱን ትውልድ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቆጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ስለሚሄድ የሴት አያቶች ስም አይዘለልም ነበር። አለን ሆቤን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር በዝርዝር ያሳያል። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ በክርክር ጊዜ የሚፈለግ ምስክር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት መጠየቅ ቀረ። አራሹ ከጭሰኝነት የወጣበት ያው አዋጅ፣ ሳይታሰብ ዘር ቆጠራን ዋናውን ጉልበቱን አሳጣው። ዛሬ ትውልድ በጥንቃቄ የሚቆጠረው በጋብቻ ጊዜ ነው፤ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው የሰርግ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ አይቆጭም።

በጽሑፍ ከቀረው ውስጥ ለጎጃም ሰው ቀዳሚው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሥራ ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉት እኚህ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ የሰበሰቡት የትውልድ ቆጠራ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ፦ ከዓባይ እስከ ዓባይ» በሚል ርዕስ በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። የቆዩ አድባራትና ገዳማትም በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የውርስ ማስታወሻ ከነምስክሮቹ ስም ይጽፉ ነበር።

ከስም ወደ ደብር

አንድ ሰው ሁለት ስም አለው። በመንደሩ አያሌው ሲባል የኖረው በፍትሐቱ ገብረ ሥላሴ ሊሆን ይችላል። በአርባው፣ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ ካህኑ የሚያነሡት የክርስትና ስሙን ነው። ስለዚህ ፈላጊው ሁለቱንም ስም፣ የሟቹን ነፍስ አባት ደብርና የዕድሩን ሰዎች ማወቅ አለበት። ዘመኑ ብዙ ጊዜ በቁጥር አይነገርም፤ «በክፉ ቀን»፣ «ጣሊያን ሲገባ» ይባላል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የቆየው ረኃብ ነው፤ ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። ቦታውም «ከምሥራቁ በር፣ ከወይራው ሥር» ተብሎ ይጠቆማል። ወይራው ሲወድቅ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፋና አጽም ሲፈልስ ምልክቱ ይጠፋል።

የመንግሥት መዝገብ ወደ ኋላ ሩቅ አይሄድም። ሞትን ጨምሮ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ገበሬ መዝገቡ ቤተሰቡና ደብሩ ናቸው።

ከአገር ርቀው የቀሩ

በሰፈራ፣ በጦርነትና በስደት የቀሩት መርዶአቸው እንጂ አስከሬናቸው ያልመጣ ብዙ ናቸው። ይህ ሐዘን ነገሥታቱንና ልጆቻቸውንም አልማረም። በ1860 ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1872 በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ተቀባይነት አላገኘም። በአገር ውስጥም ሆነው መቃብር ያጡ ነበሩ። በ1967 የተገደሉት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አጽማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ነው። የቀይ ሽብር ሰለባዎች አጽም ከጅምላ መቃብር ሲወጣ፣ ለብዙ እናቶች ማንነቱን መለየት ማለት ለዓመታት የተንጠለጠለ ልቅሶን መጨረስ ማለት ነበር።

መቃብር መፈለግ መቆፈር አይደለም። አንድ ሽማግሌ የጠቆመውን ሌላው ሳያረጋግጥ ሐውልት ማቆም የሌላውን አባት መውሰድ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ የብዙ ትውልድ አጽም ሊኖር ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ ትዕግሥትና ካህናቱን ማስፈቀድ ነው። ድሮ መሬቱ ራሱ «አባትህ ማነው? እናቱስ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። አሁን ጠያቂዎቹ እኛው መሆን አለብን። ለሚቀጥለው ሙት ዓመት ሉማሜ የሚወርድ ሰው ከጸበል ጸሪቁ በኋላ አንዲት አሮጊት ይዞ ወደ ቅጽሩ ይግባ፤ የሴት አያቶቹንም ስም ጭምር እዚያው ቆሞ ይጻፍ።