የላዳ ዘይት ፓምፕ፦ ቀይዋ መብራት ስትበራ ሒሳቡ ምንድነው?

አንድ ላዳ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላውም ገዢውም ዓይናቸውን የሚጥሉት በቀለሙ፣ በጎማውና በሊብሬው ላይ ነው። ዋጋውን ክፉኛ ሊያወርድ የሚችለው ዕቃ ግን ከሞተሩ ሥር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሚቀመጥ ማንም አያየውም። ይኸውም የዘይት ፓምፑ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እጅ ላይ ያለን አሮጌ ሞተር ጠግኖ ማሠራት ስለዚህ የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ ሆኗል።

ላዳ በጣሊያኑ ፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት መመረት የጀመረ መኪና ነው። በፓምፑ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ማርሾች እርስ በርስ ተናክሰው ሲዞሩ ዘይቱን ከታችኛው ቋት በወንፊት ይስቡና ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያም ወደ ኮሎው ብሮንዚኖች ይገፉታል። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በደቂቃ 5,600 ዙር ሲሽከረከር የዘይቱ ግፊት ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን ይገባዋል። መኪናው ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ደግሞ ከ0.5 መውረድ የለበትም። ከዚህ በታች ሲሆን ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ቀጥሎ የሚሰማው የማንኳኳት ድምፅ ነው።

ሆኖም ቀይ መብራት በበራ ቁጥር ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ሊሆን ይችላል። ግፊት የሚወርደው ፓምፑ ስለደከመ ብቻ አይደለም። የኮሎው ብሮንዚኖች ተበልተው ክፍተት ሲያበዙ ዘይቱ በዚያው ስለሚያመልጥ አዲስ ፓምፕም አያድነውም። የመብራቷ ሴንሰር ራሱ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ ከሁሉም የረከሰው ጥፋት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ማሰር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የተነበበ ቁጥር ብዙ አያስተማምንም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይለካ።

የገበያው ተንኮልም እዚሁ ላይ ነው። ሻጭ ከመደበኛው የወፈረ ዘይት ሞልቶ ግፊቱን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። የባሰበት ደግሞ የመብራቷን ሽቦ ይነቅላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ቀይዋ መብራት የማትበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ሆን ተብሎ ተቋርጧል። ገዢው ይህን ለማየት አንድ ሳንቲም አያወጣም።

ጥፋቱ ከፓምፑ መሆኑ ከተረጋገጠ ወጪው ያለው ከዕቃው ይልቅ በጉልበቱ ነው። ፓምፑ የታሰረው በሁለት ቡሎን ብቻ ነው። ነገር ግን እርሱ ጋ ለመድረስ ዘይቱ ይፈስሳል፣ የሞተሩ መቀመጫዎች ይፈታሉ፣ ሞተሩ በመጠኑ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቋቱም ይወርዳል። ቋቱ አንዴ ከወረደ ብሮንዚኖቹን ሳያዩ መዝጋት ደግሞ ያንኑ የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ለመክፈል መስማማት ነው።

የወጣው ፓምፕ ሁሉ አይጣልም። በማርሾቹ ጫፍና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.25 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ በክዳኑ በኩል ያለው ከ0.20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ዕድሜው አልቋል። ክዳኑ ብቻ ከተጫረ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማስተካከል ይቻላል። ፓምፑን የሚያዞረው ማርሽም አብሮ ይታይ፤ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረውም እርሱ ነው። የፓምፑ ዘንግ የሚገባበት ጥርስ ብቻ ከተበላ ግን ካንዴላው እሳት መስጠቱን ስለሚቀጥል ሞተሩ ያለ ዘይት ይሮጣል። ከዚህ የከፋ የለም።

ሶማሌ ተራ ለሚወርድ ገዢ አዲሱም ከሌላ ሞተር የተፈታውም ይቀርብለታል። በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በእጅ የሚደረገው ፍተሻ ይታመናል፦ የፓምፑን አፍ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ነክሮ ዘንጉን ማዞር። ዘይቱን ሳያቋርጥ ከተፋ፣ ሲዞርም ካልያዘ፣ ደህና ነው። የተፈታ ከሆነ ክዳኑን አስከፍቶ ማየት የገዢው መብት ነው፤ ይህን የሚከለክል ሻጭ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።

ሲገጠም ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንዳንድ መካኒኮች ጓርኒሲዮኑን በማጣበቂያ አብዝተው ይለቀልቁታል፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ይወድቅና ወንፊቱን ይደፍናል፣ አዲሱም ፓምፕ በሳምንቱ ይወቀሳል። ሁለተኛው፣ ፓምፑ ደረቅ ሆኖ መታሰር የለበትም፤ ቀድሞ በዘይት ይሞላል። ከዚያ አዲስ ፊልትሮና 3.75 ሊትር ያህል ዘይት ይገባል። ከኮይሉ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ተነቅሎ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ አረፍ እያለ ይዞራል፤ ሽቦው የሚመለሰው ቀይዋ መብራት ከጠፋች በኋላ ነው። መለኪያውም ሞተሩ ሞቆ ቁጥሩ ዳግም እስኪነበብ ድረስ ከቦታው አይፈታም፤ የመካኒኩም ሒሳብ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።