ሦስት መኪና ወደ ጅማ

ጅማ የገባነው አመሻሽ ላይ ነበር። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ መኪናው እንደቆመ ሾፌራችን ከመውረድ ይልቅ ዝም ብሎ ፊት ለፊት ያይ ጀመር። ከግንቡ ሥር የእኛው መሥሪያ ቤት አርማ ያለባቸው ሁለት ላንድክሩዘሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሁለት የክትትልና ግምገማ ባልደረቦችን ይዞ ከአንድ ቀን በፊት የመጣ ነው። ሌላው ለንብረት ቆጠራ የተላከ አንድ ሠራተኛ አድርሶ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ አራት ቀን ሊጠብቅ ነው። እኛ ሁለት ሆነን ሒሳብ ልናጣራ ሄደናል። አንዳችን ስለ ሌላችን ጉዞ የምናውቀው ነገር አልነበረም። የሦስቱንም የጉዞ መጠየቂያ ቅጽ ፈርሜ ያጸደቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ በተለያየ ቀን፣ እያንዳንዱን ለብቻው አይቼ፣ በጀት እንዳለው አረጋግጬ።

እራት ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 700። በእኛ ስሌት አንዱ መኪና በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 100 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። ሦስቱ 300 ሊትር። ተጓዦቹ ሾፌሮቹን ሳይጨምር አምስት ነን፤ አንድ መኪና ይበቃን ነበር። በዚህ ላይ የሦስት ሾፌር አበል አለ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦቻችን መኪና አጥተው በኪራይ መኪና ይሠሩ እንደነበር ማስታወሴ ነው። የፈረምኳቸው ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲታዩ እንከን የላቸውም። አንድ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ሰው ግን አልነበረም።

እንደተመለስን ስምሪት ክፍሉ በር አጠገብ ነጭ ሰሌዳ አሰቀልኩ። ወዴት፣ መቼ፣ ማን፣ ስንት ቀን፤ በመጨረሻው አምድ ላይ ደግሞ ስንት ባዶ ወንበር። የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ጉዞዎች ሁሉ እዚያ ላይ ሳይጻፉ ቅጽ አይፈረምም። የሥራ ክፍል ኃላፊዎች መጀመሪያ ተቆጡ። «የእኔ ሥራ የሌላውን መኪና ሲጠብቅ ሊውል ነው?» ያለኝ አለ፤ እውነትም ነበረው። ቆጠራው አራት ቀን ሲፈጅ የእኛ ማጣራት ሁለት ቀን ነው። መፍትሔው ሲገኝ ቀላል ሆነ፤ አብረው ይሄዳሉ፣ ቀድሞ የጨረሰው መኪናውን ይዞ ይመለሳል፣ የቀረው በአውቶቡስ ይመጣል። የአውቶቡሱን ትኬት መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፤ መንገድ ላይ የሚያጠፋውም ቀን እንደ ሥራ ቀን ይታሰብለታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ባንጨምር ኖሮ ማንም አይስማማም ነበር፤ ባይስማሙም አልፈርድባቸውም።

በፋይናንስ ሥራ 18 ዓመት ቆይቻለሁ። «የጉዞ ወጪ ቀንሱ» የሚል ደብዳቤ ከላይ ሲመጣ የሁላችንም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሎ አበል ነው። አበል በአንድ ሰርኩላር ይቀነሳል፤ ማንንም ማማከር፣ ማንንም ከማንም ጋር ማስማማት አይጠይቅም። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሰርኩላር አርቅቄአለሁ። የሾፌሮችን አበል በሲሶ ዝቅ የሚያደርግ ነበር። በወሩ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ አምሮ ታየ፤ አለቃዬም አመሰገኑኝ።

ሰርኩላሩ ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ ከአንጋፋው ሾፌራችን ጋር ከጅማ ስንመለስ፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ልንገባ ስንል መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ።

«ልጄ፣ አሥር ደቂቃ ልተኛ። ይህን ቁልቁለት በዚህ ዓይን አልወርድም» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ሌሊት አልተኙም እንዴ?»

«ተኝቻለሁ። እዚሁ መኪናው ውስጥ።»

ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ብዙም አላብራሩም። «አልጋ ከያዝኩበት ለቤት ምን ላስገባ ብለሽ ነው?» ብለው መቀመጫቸውን ወደ ኋላ አስተኙና ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። እኔ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸውን እያስጮሁ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። ሪፖርቱ ላይ «ቁጠባ» ብዬ የጻፍኩት ገንዘብ ከየት እንደተገኘ ያየሁት ያን ጠዋት ነው፤ ከእኚህ ሰው እንቅልፍ ነበር የተወሰደው። አሥር ደቂቃ ያሉት አርባ ሆነ። አልቀሰቀስኳቸውም።

ስለ አበል በግልጽ መነጋገር አለብን። አበል የታሰበው ከቤቱ ለራቀ ሠራተኛ አልጋና ምግብ ነው። ለብዙ ደመወዝተኛ ግን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ማሟያ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ ስንቀንሰው ተጓዡ ከአልጋው ይቀንሳል፣ ከዚያ ከምሳው። ሳንቀንሰው ደግሞ ጉዞ ራሱ ይፈለፈላል፤ ተሳታፊው ሁሉ አዲስ አበባ እየኖረ ሥልጠናው አዳማ ይሆናል፤ 100 ኪሎ ሜትር ርቀን አዳራሽ ስንከራይ የራሳችን አዳራሽ ተቆልፎ ይከርማል። በሠልጣኞቹ ላይ ጣቴን ለመቀሰር አልደፍርም። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው መንገድ ቢናፍቅ አይገርመኝም። የምቃወመው ስለ ጉዞ ወጪ ሁለት ሰዓት ተሰብስበን ስለ ደመወዝ አንድ ቃል ሳንተነፍስ መበተናችንን ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀምጫለሁ።

በእጄ ያለውን አደረግሁ። የአልጋውን ወጪ ከምግቡ ለየነው። አልጋውን መሥሪያ ቤቱ በደረሰኝ በቀጥታ ለሆቴሉ ይከፍላል፤ የምግብ አበሉ ሾፌር ሳይል ባለሙያ ሳይል እኩል ነው፤ ማንም አይነካውም። መኪና ውስጥ አድሮ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ መኪና ውስጥ የሚያድር የለም። የአልጋ ወጪ መደባችን በእርግጥ ከፍ ብሏል። የውስጥ ኦዲተሩ ለምን ሲለኝ ሰሌዳውን አሳየሁት፤ ያልሄዱትን መኪኖች።

ከሆቴሎች ጋር ስንዋዋልም አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለ። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ «3,000 ብር» ተብሎ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ሳይጨምር» ይላል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ክፍሉ 3,795 ብር ነው። አምስት ሰው አራት ሌሊት ቢያድር ልዩነቱ 15,900 ብር ይሆናል፤ ይህም ሰዉ ተመልሶ ሒሳብ ሲያወራርድ ድንገት ይመጣል። አሁን የምንጠይቀው ሁሉን ያጠቃለለ የመጨረሻ ዋጋ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዞ ለእኛ ጥቂት ቢሆንም ቀልድ አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። የአየር ትኬቱም ሆነ የውጭ አበሉ በዶላር ስለሚተመን በብር ያዝነው በጀት ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ያኔ የሦስት ሰው ልዑክ አንድ ሰው ሆነ። የሄደችው ባልደረባችን ይዛው የመጣችው ሪፖርት ከበፊቶቹ የተሻለ ነበር፤ ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብላ የምትተወው ነገር አልነበራትም።

እስካሁን ያልረታሁት ሰኔን ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ይቆረጥብናል በሚል ስጋት በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የጉዞ ጥያቄ ይጎርፋል። ክረምቱ ገብቶ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ልናነጋግረው የምንሄደው ገበሬ እርሻው ላይ ነው፤ ዘሩን ትቶ ለመጠይቃችን እንዲቀመጥ መጠበቅ ነውር ነው። ባለፈው ዓመት ከቀረቡልኝ የሰኔ ጉዞዎች አራቱን መልሻለሁ። ሁለቱ ከእኔ በላይ ሄደው ጸደቁ። አንዱ ቡድን ቀበሌ ደርሶ ሰው አጥቶ ተመለሰ፤ አበሉና ነዳጁ ግን ተወራርዷል፣ ደረሰኙም የተሟላ ነው። ዘንድሮ ሐሳቤን ከግንቦት በፊት በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ የሰኔ የመስክ ጉዞ በሚያዝያ ይታቀድ፣ የተረፈውም ያለ ፍርሃት ይመለስ ብያለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ጅማ» የሚል ቃል በሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ አገኘሁ። ሁለተኛው ጸሐፊ ቀኑን ሰርዞ ወደ ማክሰኞ አምጥቶታል፤ ከጎኑም «አንድ ወንበር ያዙልኝ» ብሏል። የሾፌሩ ቦታ ላይ ያለው የአንጋፋው ስም ነው። ሆቴሉ ደወልኩና በስማቸው አልጋ አስያዝኩ።