ሁለት እናቶች በናርጋ ግድግዳ ላይ

ቋራ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ካሳን፣ የኋላውን አፄ ቴዎድሮስን ነው። ከመተማ በታች ያለው ይህ ቆላ፣ ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ወረዳ፣ ካሳ ሳይወለድ ገና በ18ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ቤተ መንግሥት እቴጌ ሰጥቶ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሡ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ያዙ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውንም ወደ ሹመት አመጡ። ጣና ላይ፣ ከደቅ ደሴት አጠገብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ከእግሯ ሥር ደግሞ ምንትዋብ ተደፍተው ይታያሉ።

ይህን ሥዕል የማርያም ሥዕል ብሎ ማለፍ ግማሹን መተው ይመስለኛል። የሁለት ሴቶች ሥዕል ነው፤ ይልቁንም የሁለት እናቶች። አንዷ ሕፃን ንጉሥ ታቅፋለች፤ ሌላይቱ በሕፃን ንጉሥ ስም አገር ያስተዳደሩ ናቸው። ይህን ዝምድና እቴጌይቱ ያወቁት ይመስላል፦ ጎንደር ላይ ያሠሩትን ደብር ቁስቋም ያሰኙት፣ ማርያም ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ባረፈችበት በግብፁ ቦታ ስም ነው።

መልክ የሌለው ሥዕል የሰው ሥዕል ሊባል አይችልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የጎንደር ሠዓሊ ፊት አይቶ አይቀዳም፤ ክብ ፊትና ትልልቅ ዓይኖች ለሁሉም ደግ ሰው ይሰጣል። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሻሴሪዮ በ1843 እ.ኤ.አ. ሁለት እህቶቹን ቀይ ሻል ደርበው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሥል የእያንዳንዷን መልክ ለመያዝ ደክሟል። የጎንደሩ ሠዓሊ ግን ሰውን የሚያስታውቀው በቦታውና በልብሱ ነው። ማን ከማን እግር ሥር ወደቀ፣ ምን ለብሶ ወደቀ፤ ለዚያ ዘመን ተመልካች ይህ ከአፍንጫ ቅርጽ የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ መደፋት ትሕትና ነው፣ ራስን ማሳየት አይደለም ይባላል። ትሕትናውን አልክድም፤ እቴጌይቱ ከማርያም እጅግ አንሰው ነው የተሣሉት። ነገር ግን ሕዝቡ ቆሞ በሚያስቀድስበት ቤት፣ ከአምላክ እናት እግር ሥር ያለችው ቦታ አንዲት ናት፤ እሷን የያዙት ደግሞ ቤቱን ያሠሩት ናቸው። ለትሕትና ብቻ ቢሆን ኖሮ ነጠላ ይበቃ ነበር። ሠዓሊው ግን እቴጌይቱን መሬት ላይ ሲያስተኛ፣ ጌጠኛውን የቤተ መንግሥት ልብስ አላስወለቃቸውም።