ገናና የራስ ነገር

ባለፈው ዓመት በገና ዕለት፣ በመካነ ሰላም አጠገብ ካለ ሜዳ፣ አንድ ተማሪዬ ሩሯን ሊመልስ ሲያጎነብስ በዱላ ራሱን ተመትቶ ወደቀ። ወዲያው ተነሥቶ ደሙን በጋቢው ጠረገና ተመልሶ ገባ። በሳምንቱ ግን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ይደበዝዝበት ነበር።

በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢመታ ቂም የለም። ይህ ደንብ ሰውን ከጠብ ያድናል፤ የተመታው ልጅ ግን ወጥቶ መቀመጡ እንደ ኩርፊያ እንዳይቆጠርበት ብሎ ራሱ እየዞረ ይሮጣል።

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል፣ ይኸውም ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው በሚጋፉበት ጨዋታ፣ ነገሩን በብዙ ዋጋ ተምረውታል። ኤንኤፍኤል የተባለው የባለሙያዎቹ ማኅበር በ1943 እ.ኤ.አ. የራስ ቁርን ግዴታ አደረገ። ቁሩ የራስ ቅልን ከመሰበር ቢጠብቅም አንጎልን ከመናወጥ አላዳነም፤ እንዲያውም ተጫዋቹ ተማምኖበት በራሱ ይጋጭ ጀመር። በ2002 የሞተውን የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ የተደጋገመ ምት ያስከተለውን ሕመም ያገኘው ናይጄሪያ ተወላጁ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነው። ከብዙ ሙግት በኋላ፣ በ2018፣ ራስን ዝቅ አድርጎ በቁር መግጨት ተከለከለ። አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋችም ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሐኪም ሳይፈቅድለት ወደ ጨዋታ አይመለስም።

እኛ ቁር ከየት እናመጣለን? ዱላ ከወገብ በላይ እንዳይነሣ፣ ራሱን የተመታም ያን ቀን እንዳይጫወት ቢደነገግ ብዬ አንድ ሽማግሌ አማከርሁ። «ዱላው ካልተነሣ ሩሯ በምን ትሄዳለች፣ መምህር?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ግን ተቀበሉኝ።