የታሪክ ዕዳ፦ ልብ ወለድ፣ ፊልምና ጌም የሚያረኩን በምንድን ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር፣ ከድምፅ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት የፈጠራ ድርሰት በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ አጭር ልብ ወለድ አቀረበችልኝ። ባለታሪኳ የሚያፈስ የሣር ቤቷን በቆርቆሮ ለመክደን በእንስራ ውስጥ ገንዘብ የምታጠራቅም እናት ናት። እንስራው ሊሞላ በተቃረበ ቁጥር አንዱ ልጅ ይታመማል፤ ሌላው ለትምህርት ይሄዳል፤ እንስራውም ይራቆታል። በመጨረሻ ልጆቹ ሁሉ ሄደው ክረምት ይገባል። እናት ባዶውን እንስራ አንሥታ ጠብታው ከሚወርድበት ሥር ታስቀምጠዋለች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ፍጻሜው ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ይታወቃል» ብዬ ጽፌ ማርክ ቀነስሁ። ተማሪዋ ታዛዥ ነበረችና ድርሰቱን ለውጣ መጣች። በአዲሱ ድርሰት ለዓመታት ጠፍቶ የኖረው የበኩር ልጅ ቆርቆሮ በጭነት መኪና አስጭኖ ከተፍ ይላል። ማንም ያልጠበቀው ፍጻሜ ስለሆነ ከፍ ያለ ማርክ ሰጠኋት። ዛሬ የመጀመሪያው ድርሰት ከነእንስራው ፊቴ ላይ አለ፤ ሁለተኛውን የማስታውሰው ስላፈርሁበት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያን ጊዜ ምን ሳልረዳ ቀረሁ? አንድ ታሪክ ሲያልቅ «ልክ ነው፤ እንዲህ መሆን ነበረበት» የሚያሰኘን ምንድን ነው? ይህ ስሜት የደስታ ፍጻሜ ውጤት አይደለም፤ በልቅሶ የሚያልቅ ታሪክም ያረካልና። የድንገተኛነት ውጤትም አይደለም። ለዚህ ለሁለተኛው ነጥብ ምስክሬ አክስቴ ናቸው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከእኔ ትውልድ ብዙዎቻችን መጽሐፉን ከማንበባችን በፊት የሰማነው በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። አክስቴ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ነገር ግን ትረካው በተደገመ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ሬዲዮኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። ፍጻሜውን ያውቁታል። ጎረቤቱም ያውቀዋል። ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ራሱ ፍጻሜውን በሽፋኑ ላይ በርእስነት ለጥፎታል! በዛብህ ሲሞት አክስቴ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። እኔም በልጅነት ድፍረት «እትዬ፣ ባይሞትስ ምን ነበረበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ስለቱንስ ማን ሊከፍለው ነው?» አሉኝ።

በኋላ የተማርሁት የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ከዚህ መልስ ብዙ የራቀ አልሆነልኝም። እንደምታስታውሱት በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር በስለት የተሰጠ ልጅ ነው። ይህ ቃል የተገባው ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ መኖሯን አንባቢው ከማወቁ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የምናነበው ፍቅር በሙሉ ባልተከፈለ ስለት ላይ የቆመ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ከውጭ ሲጋፋቸው ስለቱ ከውስጥ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሰብለ ስታገኘው በመንገድ በደረሰበት ጉዳት ለሞት ተቃርቦ ነው። ሁኔታውን ነጥለን ብናየው አጋጣሚ ነው፤ መንገደኛን ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነገር ነው። አንባቢው ግን እንደ አጋጣሚ አይቀበለውም።

አርስቶትል በ«ፖየቲክስ» ዘጠነኛ ምዕራፍ የሚጠቅሰው አንድ ምሳሌ አለ። በአርጎስ ከተማ የሚቲስ ሐውልት ሚቲስን በገደለው ሰው ላይ ወድቆ ገደለው ይላል። ድንጋይ አያስብም፤ አይበቀልም። ሆኖም ሐውልቱ በሌላ አላፊ አግዳሚ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ወሬ እንጂ ታሪክ ባልሆነ ነበር። አጋጣሚው ታሪክ የሆነው ቀደም ብሎ የተቀመጠ ዕዳ ስለነበረ ነው። የአክስቴም መልስ ይኸው ነው።

«ዕዳ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። በሥነ ጽሑፍ ክፍላችን «ንግር» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ ጠቆም ማድረግን ያመለክታል። ንግር ግን የደራሲው ብልሃት ስም ነው፤ ዕዳ ደግሞ በደራሲውና በተደራሲው መካከል ያለው ግንኙነት ስም ነው። ተራኪው ጊዜያችንን፣ ትኩረታችንን፣ ከሁሉም በላይ እምነታችንን ይበደራል። ተረት አውሪዎቻችን ይህን ብድር በግልጽ ያውቁት ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ተራኪው ተረቱ እንዲመለስለትና አፉ በዳቦ እንዲታበስለት የሚጠይቀው፣ የመስጠትና የመቀበሉ ሒሳብ እዚያው እንዲዘጋ ይመስለኛል። (የፎክሎር ባልደረቦቼ በዚህ ትርጓሜ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ከንግግሩ በኋላ እንከራከርበታለን።)

ዕዳ የሚከፈልበት መንገድ ግን ይለያያል። ልብ ወለድና ፊልም ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት በእውቀት ነው፤ ለዚህም የራሳችን ቅኔ ከማንኛውም የውጭ ንድፈ ሐሳብ የተሻለ መግለጫ ይሰጠናል። በሰምና ወርቅ ቅኔ ኅብረ ቃሉን የሰማነው አንድ ጊዜ ነው፤ ወርቁ ሲገለጥልን አዲስ ቃል አልተጨመረም። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ እኛ እንደ አዲስ እንሰማዋለን። ወርቁን ከቅኔው ውጭ ከየትም ማምጣት አይቻልም፤ ቢመጣ ቅኔ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ የበቃውን የኤም. ናይት ሺያማላንን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» አስቡ። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ራሱ ሙት መሆኑ በፊልሙ መጨረሻ ሲገለጥ ተመልካቹ ይደነግጣል። የሚያረካው ግን ድንጋጤው ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ጥቂት ቅጽበት ነው፤ ያለፉትን ትዕይንቶች በአእምሯችን እየከለስን ከሕፃኑ በቀር ማንም አናግሮት እንደማያውቅ የምንገነዘብበት ቅጽበት። ከባለቤቱ ጋር በምግብ ቤት የተቀመጠበትን ትዕይንት የትዳር ኩርፊያ አድርገን አይተነው ነበር፤ ያ ሰሙ ነበር። የተማሪዬ ሁለተኛ ድርሰት ግን ወርቁን ከጭነት መኪና ላይ ያራገፈ ቅኔ ነበር።

ይህን ጉድለት አርስቶትልም ነቅፎታል። በኤውሪፒደስ ድርሰት ሜዴያ ከጭንቅ የምትወጣው ከላይ በመጣ ሠረገላ ነው፤ መፍትሔው ከታሪኩ ከራሱ መውጣት አለበት ይላል። ተመሳሳይ ነቀፌታ በዘመናችን ከጌም ተጫዋቾች ተሰምቷል። «ማስ ኢፌክት» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 በሦስት ክፍሎች የወጣ ሲሆን ተጫዋቹ በአንዱ ክፍል የወሰነው ውሳኔ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ማንን እንዳዳነ፣ ማንን እንደከዳ ጌሙ ይመዘግባል። ሰዎች ለዓመታት ይህን ሒሳብ ሲያጠራቅሙ ኖሩ። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ ያልታወቀ፣ የሕፃን መልክ ያለው ፍጡር ብቅ ብሎ ጥቂት አማራጮችን አቀረበ። የፍጻሜዎቹ ትዕይንቶችም ከብርሃናቸው ቀለም በቀር እጅግ ይመሳሰሉ ነበር። ተቃውሞው ከመበርታቱ የተነሣ አዘጋጁ ባዮዌር በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የተራዘመ ፍጻሜ በነጻ ለማቅረብ ተገደደ። አንዳንድ ተቺዎች ይህን የተጫዋቾች ቅብጠት አድርገው ቆጠሩት። እኔ አልስማማም። ተጫዋቾቹ ይህን ያህል የተቆጡት ፍጻሜው ስላሳዘናቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ያጠራቀሙት ሒሳብ ሳይታይ በመዝገቡ ላይ መስመር ስለተሰመረበት ነው።

ጌም በሌላው ጥበብ የሌለ መክፈያ መንገድ እንዳለው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር ጌም የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው ከሚሉት ወገን ነበርሁ፤ ከዚህ አስተያየት ያወጣኝ ልጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን «ብራዘርስ» የተባለ ጌም አስጫወተኝ። የሥራው መሪ ጆሴፍ ፋሬስ በሊባኖስ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሲሆን ወደ ጌም የመጣው ከፊልም ዳይሬክተርነት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመው አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። ንግግራቸው የፈጠራ ቋንቋ ስለሆነ ማንም አይረዳውም። ተጫዋቹ ሁለቱንም በአንድ ጆይስቲክ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ ታላቁን በግራ እጁ፣ ታናሹን በቀኝ እጁ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ እጆቼ እየተጋጩብኝ ልጄ ሳቀብኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ግራ እጄ ታላቁ ወንድም፣ ቀኝ እጄ ታናሹ ሆኑ፤ ማሰብም አላስፈለገኝም።

እናታቸው ውኃ በልቷት ስለሞተች ታናሹ ውኃ ይፈራል። ወንዝ ሲገጥማቸው ታላቁ ይዋኛል፤ ታናሹ ጀርባው ላይ ይንጠለጠላል። ኋላ ታላቁ ወንድም ይሞታል፤ ታናሹም በእጁ አፈር እየሳበ ይቀብረዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግራ እጄ ሥራ ፈታ። ይህን በቃል ማስረዳት ያዳግታል፤ ኀዘኑ በጣቶቼ ላይ ነበር። ታናሹ መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ጎርፍ ያጋጥመዋል። የራሱን ቁልፍ ብጫን ይፈራል፤ ወደ ውኃው አይገባም። ደጋግሜ ሞከርሁ። ልጄ አጠገቤ ሆኖ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ በግራ እጄ የሟቹን ወንድም ቁልፍ ተጫንሁ። ታናሹ መዋኘት ጀመረ።

ይህን ትዕይንት ልብ ወለድ ቢጽፈው «በወንድሙ መንፈስ ብርታት አገኘ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣዋል፤ ፊልም ቢሠራው የወንድሙን ምስል በውኃው ላይ ያሳየን ነበር። ሁለቱም ስለ ብርታቱ ይነግሩናል። እዚህ ግን የነገረኝ የለም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጌሙ ለሰዓታት ያለማመደኝ የእጅ ልማድ፣ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ የነበረው ነገር፣ ለካ የተበደረኝ ዕዳ ኖሯል። እጄ ሰሙን ሲለማመድ ቆይቶ ወርቁን ያገኘው በእዚያች ወንዝ ዳር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይገባል፤ እኔም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ዕዳው ሁሉ የተከፈለበት ታሪክ ሐሰተኛ አይሆንም ወይ? ሕይወት እንዲህ ሒሳቧን ዘግታ አታውቅም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ለዚህ ይጠቅመናል። አንበርብር ከጀርመን አገር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተበጣጥሶ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ማወቅ እንፈልጋለን፤ ፊልሙም ይነግረናል። አገሩ ምን ትሆናለች የሚለውን ደግሞ ልጆች ከጦርነት ምልመላ ሸሽተው ዋሻ ሲደበቁ እያየን እንጠይቃለን፤ ፊልሙ አይመልስልንም። አንበርብር የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል፤ የሚሰጠን ይህን ያህል ነው። እኔ በዚህ ረክቼ ወጥቻለሁ። ምክንያቱ የሚመስለኝ ፊልሙ የተበደረው የአንድ ሰው ትዝታ በመሆኑ ነው፤ ያንን መልሷል። የአገሩን ዕጣ እከፍላለሁ ብሎ ቃል አልገባም። በየሳምንቱ አዲስ ምስጢር እየጨመሩ አሮጌውን የሚረሱ ተከታታይ ድራማዎች የሚያሰለቹን በተቃራኒው ከአቅማቸው በላይ ስለሚበደሩ ነው።

የሚከብደኝ ጉዳይ ሌላ ነው። «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» የተባለው የሉካስ ፖፕ ጌም (እ.ኤ.አ. 2013) ሃያ ፍጻሜዎች አሉት። ተጫዋቹ የድንበር ኬላ ሠራተኛ ሆኖ የሰዎችን ሰነድ ይመረምራል፤ ማንን እንደሚያሳልፍና ማንን እንደሚመልስ ይወስናል፤ ደመወዙ ደግሞ ለቤተሰቡ ምግብና ማሞቂያ አይበቃም። «እንዲህ መሆን ነበረበት» የሚለው ስሜት ሃያ ፍጻሜ ባለው ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ አለው? ለጊዜው ያለኝ ግምት ግዴታው ከሴራው ወደ ውሳኔው ተሸጋግሯል የሚል ነው፤ እኔ የደረስሁበት ፍጻሜ በቀደሙት ቀናት ማኅተም ባደረግሁባቸው ፓስፖርቶች ላይ ተጽፎ ነበር። ልጄ ግን በዚህ አይስማማም፤ አንዱን ፍጻሜ አይቶ እንደገና ጀምሮ ሌላውን ለሚያይ ሰው ምንም ነገር ግዴታ አይደለም ይላል። ከመካከላችሁ ይህን ጌም የተጫወታችሁ ካላችሁ መድረኩ ክፍት ነው፤ ከእናንተ ልስማ።