ነሐስ ምትን ምን ያህል ይችላል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታ ላይ አንድ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ የፎገራን የሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ትቶ ደብረ ታቦር ይወጣል። እዚያው አጠገብ ጋፋት አለች፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን የነሐስ መድፍ አቅልጠው ያፈሰሱባት ስፍራ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

መድፍ ግፊት ተሸካሚ ዕቃ ነው። ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ በቅጽበት ይመታል። በዚያ ዘመን መድፍ ይህን መቻሉ የሚረጋገጠው በመተኮስ ነበር፤ ካልቻለም ፈንድቶ ተኳሹን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ጥያቄውን ያለ አደጋ የሚመልሰው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ዦርዥ ሻርፒ ነው፤ ሙከራውን በ1901 እ.ኤ.አ. ሥርዓት አስይዞ አቅርቦታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ርዝመቱ 55፣ ወርዱና ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙና በሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል። መሐሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ሹል ጭረት ይወጣለታል፤ ስብራት የሚጀምረው እንዲህ ካለ ቦታ ነውና። ከላይ የተሰቀለው ከባድ መዶሻ ተለቆ እየተወዛወዘ ይወርድና ናሙናውን ከጭረቱ ጀርባ መትቶ ይሰብረዋል፤ ከዚያም በወዲያኛው ወገን ሽቅብ ይወጣል። የወረደበትና የወጣበት ከፍታ ልዩነት ናሙናው የዋጠውን ጉልበት በጁል ይነግረናል። መዶሻው ብዙ ካልወጣ ናሙናው ምት ቻይ ነው።

ጥንካሬና ምት መቻል አንድ አይደሉም። መዳብ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ ሲበዛበት ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከመቶ 20 ያህሉ ቆርቆሮ የሆነ ነሐስ ድምፁ ስለሚያምር ለደወል ይመረጣል፤ ቢወድቅ ግን ይሰነጠቃል። ለመድፍ 10 ከመቶ ገደማ ይበቃል።

ግፊት የሚሸከመው ነሐስ የመድፉ ብቻ አይደለም፤ በባሕር ውስጥ 10 ሜትር በተጠለቀ ቁጥር ግፊቱ አንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። ለመርከብ ፓምፕና ቫልቭ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የነሐስ ቅይጥ 80 ከመቶ ገደማ መዳብ፣ 10 ገደማ አሉሚኒየም ሲሆን ቀሪው በዋናነት ኒኬልና ብረት ነው። የባሕር ጨው በቀላሉ አይበላውም። ወፍራም ዕቃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ሊፈጠር የሚችለውን ተሰባሪ ክፍልም ኒኬሉና ብረቱ ይገቱለታል። ብዙ የብረት ዓይነቶች በብርድ ድንገት ተሰባሪ ሲሆኑ ነሐስ ይህ ጠባይ የለበትም።

ነገሩ የባሕር ብቻ አይደለም። ፎገራ ላይ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ የሚስብ ሞተር ድንገት ሲቆም በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ውኃ ተመልሶ ይመታል፤ ግፊቱም ከተለመደው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ግፊት ተሸካሚ ዕቃ የሚያፈስ ባለሙያ ከዚያው ቅልጥ ለናሙና የሚሆን ዘንግ አብሮ ያፍስስ፤ ዕቃው ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ናሙናው በመዶሻው ይፈተን። ጥንካሬው ብቻ የተለካ ነሐስ ገና ግማሽ ፈተና ይቀረዋል።