ስለ ቤተ ሰብ መኪናና ስለ እሽቅድምድም መኪና ሞላ

አባቶቻችን የስግሩን በቅሎና የጭነቱን አጋሰስ ለይተው ያውቁ ነበር፤ አንዱን በሌላው ሥራ አያስገቡም። ዛሬ ግን በመኪና ነገር ይህ ማስተዋል ሲጐድል ስላየን፥ ለቤተ ሰብ አባቶች የሚጠቅም ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

በመኪናው አካልና በመንኰራኵሩ መካከል ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው፤ ሥራውም ክብደቱን መሸከምና የመንገዱን ጕብታ መቀበል ነው። ሁለተኛው አሞርዛተር ነው፤ ይኸውም ሞላው ደጋግሞ እንዳይነጥር በውስጡ ባለው ዘይት ያበርደዋል። የሁለቱም ዋና ፍሬ ጐማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው፤ መሬት የለቀቀ ጐማ ለመዞርም ለመቆምም አይረዳምና።

ለዕለት ተግባር ከተሠሩት መኪናዎች የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዴ ሼቮ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ መኪና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ታየ፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስም ይሠራ ነበር። የኩባንያው ሹም ፒየር ቡላንዤ መሐንዲሶቹን ያዘዙት፥ ገበሬ እንቍላል በቅርጫት ጭኖ በታረሰ እርሻ ቢያልፍ እንቍላሉ የማይሰበርበትን መኪና እንዲሠሩ ነው ይባላል። መሐንዲሶቹም በየጐኑ የፊቱንና የኋላውን መንኰራኵር በአግድም በተኛ ሞላ አገናኙ። ስለዚህ የፊቱ ጐማ ጕብታ ሲያገኝ ኀይሉ ከፊሉ ወደ ኋላ ይተላለፋል፤ ተሳፋሪውም ብዙ አይናወጥም። በኩርባ ላይ እጅግ ያዘነብላል፤ ነገር ግን ጐማው መሬቱን አይለቅም።

በሌላው ወገን እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በ1962 ዓ.ም. ያወጡት ሎተስ ኤላን አለ። የፊቱ መንኰራኵር እያንዳንዱ ከላይና ከታች በሁለት ክንድ የተያዘ ነው፤ ይህም አካሉ ሲያዘነብል ጐማው እንዳይጋደም ይረዳል። ብዙ ሰው የፈጣን መኪና ሞላ ሁሉ ድርቅ ያለ ይመስለዋል። የዚህ መኪና ሞላ ግን ለስላሳ ነው፤ አካሉ ቀላልና ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ አሞርዛተሩም በሚገባ ስለሚያበርደው፥ ድርቀት ሳያስፈልገው ኩርባውን ይይዛል።

እርግጥ ነው፥ አብዛኞቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች ጠንካራና አጭር ሞላ አላቸው። እነርሱ ግን የሚሮጡት በተደላደለ መንገድ ነው። የቤተ ሰብ መኪና አንድ ቀን ብቻውን ነጂውን፥ ሌላ ቀን አምስት ሰው ከነጓዙ ይይዛል፤ መንገዱም ጕድጓድ አያጣውም። ስለዚህ ሞላው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንቀሳቀስበት በቂ ቦታ ያስፈልገዋል።

ባለፈው ዓመት የአንድ ወዳጃችን ልጅ መኪናው ዝቅ ብሎ እንዲያምርለት የሞላዎቹን ጫፍ አስቈረጠ። የተቈረጠ ሞላ ያጥራል፤ ይጠነክራልም። በአስፋልት ላይ ነገሩ ያማረ መሰለ። አያቱንና እኛን ይዞ ወደ ባላገር ሲወርድ ግን በጠጠር መንገድ ኩርባ ላይ የኋላ ጐማዎቹ እየነጠሩ መሬቱን ለቀቁ፤ መኪናውም ተንሸራቶ ከገደሉ አፋፍ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። አያቱም ከድንጋጤያቸው ሲመለሱ፥ «ልጄ፥ በቅሎ ስንኳ ገደል ስታይ ትቆማለች» አሉት። እርሱም በማግስቱ ሞላዎቹን አስለወጠ።

እንግዲህ የቤት አባወራ ይህን ያድርግ። የመኪናውን ማእዘን በእጁ ወደ ታች ተጭኖ ይልቀቅ፤ መኪናው ደጋግሞ ከነጠረ ወይም አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ፥ ለባለ ሙያ ያሳይ። ሲለወጥም የግራና የቀኙ አብሮ ይለወጥ። ሞላ ማስቈረጥን ግን ፈጽሞ አይፍቀድ። የመኪና ጌጡ ዝቅ ብሎ መታየቱ አይደለም፤ የተሳፈሩትን ሁሉ በደኅና ከቤታቸው መመለሱ ነው።